የእትዬ ስድስት ኩርባዎች

እትዬ የውሃ ቆጣሪ እየዞሩ ያነቡ ከነበሩት አባታቸውና በቤታቸው ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው የካቲት 9 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከባቡር ሐዲዱ በላይ፣ የድንጋዩን ደረጃ ወጥቶ ከሚገኘው ጠባብ መንገድ ዳር ያለ ሲሆን፣ አንድ ሰፊ ክፍልና ሁለት መስኮቶች ነበሩት። አንደኛው መስኮት ወደ ሐዲዱ ያያል፤ ሁለተኛው የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። ባቡር ባለፈ ቁጥር በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች እርስ በርስ እየተነካኩ በቀስታ ይንጫጩ ነበርና፣ ሕፃኗን እንቅልፍ የሚወስዳቸው ያ ድምፅ ሲጀምር እንደነበር እናታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያወሱ ኖረዋል።

እትዬ የሚለው መጠሪያ የወጣላቸው በአራት ዓመታቸው ነው። እናታቸው ሲሰፉ ከአጠገባቸው መሬት ላይ ተቀምጠው የልብስ ቁልፎችን በየዓይነታቸው ይለዩ ነበር። አንድ ቀን አባታቸው ከሥራ ሲገቡ ቁልፎቹን ረግጠው በተኑባቸው። ሕፃኗም አላለቀሱም፤ ቀና ብለው አባታቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። አባትየው ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህ በመዝገብ የተጻፈው ስማቸው ለፈተና ወረቀትና ለመታወቂያ ካልሆነ በቀር አልወጣም። በአምስት ዓመት የሚበልጧቸው ወንድማቸው ሳይቀሩ እትዬ እያሏቸው አረጁ።

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ወደ ቤቱ አንድ ቁምሳጥን ገባ። አባታቸው ቁምሳጥኑ በሐዲዱ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ይቁም አሉ፤ እናታቸው በግድግዳው በኩል ይሁን አሉ። ነገሩ ከቁምሳጥን የሰፋ እንደነበር ዛሬ ላይ ሆኖ መገመት አያዳግትም። ብቻ ሁለቱ ወላጆች ቁምሳጥኑን ክፍሉ መካከል ላይ እንደቆመ ትተው ተኳረፉ፤ ኩርፊያውም ዓመት ከአራት ወር ዘለቀ። በመካከላቸው ሦስት እርምጃ እንኳ ሳይኖር፣ «አባትሽን ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው በይልኝ» ይባላል፤ «እናትሽን አይቼዋለሁ በያት» የሚል መልስ ይመለሳል። መልእክተኛዋ ቁምሳጥኑን እየዞሩ ያመላልሱ ነበር። ወንድማቸው ልብ ብለው ሲያዳምጡ ግን መልእክቱ እንደተላከ አይደርስም፤ በመንገድ ላይ «እባክሽ» ወይም «እባክህ» ይጨመርበታል። ለምን እንደሚጨምሩ ሲጠየቁ፣ «እንዲያው ደረቁን ማድረስ ያሳፍራል» አሉ።

በሁለተኛው ዓመት አራተኛ ወር ላይ እትዬ ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ጠፋ። ወላጆቹ ሦስት ቀን በዓይንና በእጅ ሲጠቃቀሱ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን እናትየው ፊታቸውን ወደ ባለቤታቸው አዙረው ልጅቷ ውሃ እንደጠማት፣ እንስራውም ለእርሳቸው እንደሚቀርብ ነገሯቸው። አባትየውም ቀዝቃዛ ይሁን ወይስ ለብ ያለ ብለው ጠየቁ። ኩርፊያው በዚሁ አበቃ። ቁምሳጥኑ ግን ሁለቱም ባልፈለጉት ቦታ፣ ክፍሉ መካከል ላይ፣ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ እንደቆመ ቀረ።

እትዬ ይህን ታሪክ ከሠላሳ ዓመት በላይ በየዓመቱ የመጀመሪያው ትምህርት ላይ ለተማሪዎቻቸው ሲተርኩ ኖረዋል። ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን የሚነካው በሁለት መንገድ ነው ይሉ ነበር፤ ከፊሉ በቀጥታ፣ ከፊሉ በሦስተኛው በኩል። በቤታቸው ቀጥተኛው ከሦስተኛዋ ተለይቶ የታየው የሦስተኛዋ ድምፅ ስለጠፋ ነው። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግን ሦስተኛ የሚሆኑት ቅንጣቶች ተቆጥረው አያልቁም፤ ሁሉንም ጉሮሯቸውን ማሳመም አይቻልም። ሒሳብ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ትምህርታቸውን በ1948 ዓ.ም. በሰፈሩ ትምህርት ቤት ጀምረው ሁለተኛ ደረጃን በ1960 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ወንድማቸው በአሥራ አንድ ዓመታቸው ቀለም ፋብሪካ ስለገቡ ትምህርት ቤት አልዋሉም። እትዬ በየዓመቱ መጨረሻ የውጤት ካርዳቸውን ይዘው መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ፋብሪካው በር ነበር፤ ማንበብ ለማይችሉት ወንድማቸው ካርዱን ከላይ እስከ ታች ያነቡላቸዋል፣ የጠባይንም ነጥብ ሳይዘሉ። በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ካጠኑ በኋላ፣ የፈሳሾችን ንድፈ ሐሳብ ከሚያስተምሩ አንድ ሽበታም መምህር ዘንድ ለከፍተኛ ጥናት ገብተው በ1970 ዓ.ም. ዶክተር ተባሉ፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲም መምህር ሆኑ።

ስለ ሥራቸው ጥቂት መባል ይገባዋል፤ ይህን ጽሑፍ ከሚሰሙት ብዙዎቻችን ወደድናቸው እንጂ ምን ይሠሩ እንደነበር አላወቅንምና። ጠጣር ነገር እንደ ተሰለፈ ወታደር ነው፤ የእያንዳንዱ ቦታ የታወቀ ነው። ጋዝ እንደ ተበተነ ሕዝብ ነው። ፈሳሽ ግን ጣቢያ ላይ ቆሞ ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ነው፤ ማንም አላሰለፈው፣ ሆኖም እያንዳንዱ ከጎረቤቱ በመጠን ይርቃል፣ በመጠን ይቀርባል። እትዬ የሚጠይቁት ይህን ነበር፤ አንዱ ቅንጣት እዚህ ቢቆም ሌላው ከየት ሊገኝ ይችላል? የመልሱ ሥዕል አንድ ኩርባ ነው። ከቅንጣቱ አጠገብ ባዶ ነው፤ ሁለት አካል በአንድ ቦታ አይቆምምና። ቀጥሎ የቅርብ ጎረቤቶች ጉብታ ይመጣል፤ ከዚያ ጎድጓዳ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ጉብታ፤ እንዲህ እየደከመ ሄዶ አንድ በሚለው ቁጥር ላይ ቀጥ ብሎ ይተኛል። አንድ ማለት እዚህ ሰው ቆመም አልቆመ እዚያ ያለው ምንም አልመሰለውም ማለት ነው።

ፈሳሹ አንድ ዓይነት ከሆነ ኩርባው አንድ ነው። ሁለት ፈሳሾች ሲደባለቁ ኩርባዎቹ ሦስት ይሆናሉ፤ ሁለቱ ከየወገናቸው ጋር፣ አንዱ ከባዕዱ ጋር። ሦስት ሲደባለቁ ስድስት ይሆናሉ፤ አንዱን ብቻ ለይቶ ማመን አይቻልም፤ ስድስቱም ተያይዘው ይወድቃሉ ወይም ተያይዘው ይቆማሉ። እትዬ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለእነዚህ ስድስት ኩርባዎች ነው። ስለ ሁለት ነገር ዝምድና በተነገራቸው ጊዜ ሁሉ፣ የቅንጣትም ይሁን የሰው ወሬ፣ «ሦስተኛውስ?» ብለው መጠየቅ ልማዳቸው ነበር። ተማሪዎቻቸው በሌሉበት ይቀልዱባቸው ነበር፤ እጮኛሞች ሲጋቡ ሰምተው እንኳ «ሦስተኛውስ?» ብለው ሠርግ አበላሽተዋል ይባላል። ይህ ግን ሐሜት ነው፤ ሠርጉ አልተበላሸም።

በ1968 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ የብርጭቆ ዕቃ በእሳት እያለዘቡ እየነፉ ከሚሠሩት ባለሙያ ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። የተዋወቁት እትዬ ሦስት አፍ ያለው ጠርሙስ ሊያዝዙ ወደ ወርክሾፑ በወረዱ ጊዜ ነው። ባለሙያው ሁለት አፍ እንደሚበቃ ተከራከሩ። እትዬ ምን እንዳሉ ለመገመት አያስቸግርም። በ1970 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ልጃቸው ዛሬ አዋላጅ ናት።

በቀጣዩ ዓመት በስማቸው የሚታወቀው ሠንጠረዥ ታተመ። የሦስት ፈሳሾች ድብልቅ ስድስት ኩርባዎች በዓምድና በረድፍ ተሰናድተው የቀረቡበት ሲሆን፣ ድብልቅ የሚቀምሙ ሰዎች ሁሉ፣ ሳሙናም የሚሠራ፣ መድኃኒትም የሚያሟሟ፣ ቁጥር ፈልገው ይገልጡት ጀመር። እትዬ በሠላሳ ዓመታቸው የታወቁ ሆኑ፤ በሦስተኛው ፎቅ ላይ ዛፍ የሚታይበት ክፍልም ተሰጣቸው።

በሠንጠረዡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «እንደተለመደው» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ሁለት የተለያዩ ቅንጣቶች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ለማወቅ የአንዱን ስፋት ከሌላው ስፋት ጋር ደምሮ ለሁለት ማካፈል እንደተለመደው ይበቃል ይላል ቃሉ። ሽበታሙ መምህራቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ የመምህራቸውም መምህር። ባዕድ ከባዕድ ጋር ሲገናኝ ከግማሽ መንገድ እንደማያልፍ ሁሉም አምኖ ተቀምጦ ነበር።

ወንድማቸው በአርባ ሁለት ዓመታቸው ፊደል ለዩ። አስተማሪ አልነበራቸውም፤ የተማሩት በየቀኑ ከሚያሽጓቸው የቀለም ቆርቆሮዎች ላይ ነው። ነጭ መሆኑን በሚያውቁት ቆርቆሮ ላይ ያለውን ምልክት «ነጭ» ብለው ያዙ፤ ከቢጫው ላይ «ቢ»ን፣ ከጥቁሩ ላይ «ቁ»ን እየለቀሙ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። አንድ እሑድ ከእትዬ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወረቀት አንስተው በለሆሳስ ሲያነቡ ተገኙ። እትዬም አልተገረሙም፤ ወይም መገረማቸውን አላሳዩም። ወንበር ስበው፣ ያን ወረቀት ትተው ቁጥር ያለበትን እንዲያነቡላቸው ለመኗቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ካዳመጡ የተሳሳተ ቁጥር ጆሯቸውን ይቆረቁራቸው ነበር፤ ኩርባው በለሰለሰ መንገድ መሄድ ሲገባው እንቅፋት ይመታዋልና። እሑድ ከሰዓት በኋላ በዚህ ዓይነት የንባብ ጊዜ ሆነ፤ ከዚያም ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አልተቋረጠም።

የሕይወታቸው መታጠፊያ የመጣው በ1982 ዓ.ም. ልጃቸው አሥራ ሁለት ዓመት በሞላት እሑድ፣ በምሳ ገበታ ላይ ነው። ወንድማቸው ከፋብሪካው የሆነ ነገር አጫወቱ። ለቀለም ማቅጠኛ አሥር ሊትር ውሃና አሥር ሊትር አልኮል ደባልቀው ለአዲሱ የመጋዘን ኃላፊ ሲያስረክቡ፣ ኃላፊው ቢለኩት ሃያ አልሞላም። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ወደ ወንድማቸው ጠጋ ብለው፣ «እስቲ ተንፍስልኝ» አሉ። በዕድሜያቸው አልኮል ቀምሰው የማያውቁት ሰው በሠራተኛ ሁሉ ፊት ተነፈሱ። ኃላፊው ስላላመኑ በማግስቱ ራሳቸው ቀድተው፣ ራሳቸው ደባልቀው፣ ራሳቸው ለኩ፤ አሁንም ጎደለ። ይኼኔ ከሠራተኞቹ አንዱ ቀስ ብሎ፣ «አሁን ደግሞ እርስዎ ይተንፍሱልን» አላቸው።

ገበታው በሳቅ ፈረሰ፤ ብርጭቆ ነፊው ባለቤታቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እትዬ ብቻ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ስንት እንደጎደለ ጠየቁ። ሰባት መቶ ሚሊ ያህል ነው ተባሉ። ከዚያ በኋላ ምግቡን አልነኩትም።

ጉድለቱ ለእሳቸው አዲስ ነገር አልነበረም። ውሃና አልኮል ሲደባለቁ መጠናቸው እንደሚቀንስ፣ ቅንጣቶቻቸውም ከግማሽ መንገድ አልፈው እንደሚጠጋጉ ለጀማሪ ተማሪ በየዓመቱ ያስተምሩ ነበር። ሆኖም ያ ዕውቀት በአእምሯቸው አንድ መሳቢያ ውስጥ፣ ሠንጠረዡ በሌላው ውስጥ ተቀምጠው፣ በሁለቱ መካከል ለአሥራ አንድ ዓመት መልእክት የሚያመላልስ አልነበረም። በማግስቱ ባለቤታቸው ባለ ምልክት ሦስት የብርጭቆ ቱቦዎች ሠሩላቸው። እትዬ ለኩ፤ ከዚያም ሠንጠረዡን ገልጠው አሰሉ። ቱቦው ጉድለቱን ያሳያል፤ ሠንጠረዡ ሃያውን ሊትር ሳያጎድል ያወጣል። ቱቦው አልተሳሳተም።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ሲሰሙ ቅን ምክር መከሯቸው። ሠንጠረዡን ማንም አልከሰሰም፤ ስሕተቱን ያገኘ ያግኘው፤ የተሻለውን ቀስ ብሎ አዘጋጅቶ በላዩ ላይ ማሳተም ይቻላል፤ በዚያም ዓመት የማዕረግ ዕድገታቸው ለውሳኔ ቀርቧል። እትዬ መስኮቱ ጋ ቆመው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ፣ «እኔና እርስዎ አሁን አውቀናል» አሉ። «ሦስተኛውስ? ያ ገልጦ የሚያምነውስ?»

በ1983 ዓ.ም. መጀመሪያ አራት መስመር የሆነ ማስታወቂያ በሙያው መጽሔት ላይ አወጡ። ሠንጠረዡ ቅንጣቶቻቸው ከግማሽ መንገድ አልፈው ለሚጠጋጉ ድብልቆች እንደማይሠራ፣ ስሕተቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ የታረመው እስኪወጣ እንዳይጠቀሙበት የሚለምን ነበር። መምህራቸውንም፣ የመምህራቸውንም መምህር አልጠቀሱም። ዕድገቱ ቀረ። በኮሪደር ላይ የቆየ ሰላምታ አጠረ። በዓመቱ ክፍላቸው ለሌላ ተሰጥቶ፣ እሳቸው ከብርጭቆ ወርክሾፑ ጎን፣ ከደረጃው ሥር ወዳለች ጠባብ ክፍል ወረዱ። የዚያች ክፍል መስኮት ከመሬት እኩል ነበረች፤ በእርሷ በኩል የሚታየው የሚያልፈው ሰው ጫማ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ በተኙት ቱቦዎች አልፋ ስትገባ፣ በነጩ ግድግዳ ላይ ብርሃን እንደ ውሃ ይንቀሳቀስ ነበር። ባለቤታቸው በግድግዳው ማዶ እሳቱን ሲያናፉ ይሰማቸዋል። በዕድሜያቸው ሙሉ እንደዚያ ያለ ክፍል ኖሯቸው እንደማያውቅ እትዬ ራሳቸው ተናግረዋል፤ የተናገሩትም ለማጽናኛ አልነበረም።

የታረመው ሠንጠረዥ ግን የጥቂት ዓመት ሥራ አልሆነም። ለእያንዳንዱ የባዕዳን ጥንድ ምን ያህል እንደሚጠጋጉ እንደገና መለካት፣ ከዚያም ስድስቱን ኩርባዎች እንደገና መፍታት ነበረባቸው። አፈታቱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኩርባው ይገመታል፤ ግምቱ በሒሳቡ አልፎ ሌላ ኩርባ ሆኖ ይወጣል። ጀማሪ ሰው ያን አዲሱን እንዳለ ወስዶ መልሶ ይከተዋል፤ ስሌቱም ይናወጥና ይፈርሳል። እትዬ ከአዲሱ አንድ እጅ፣ ከአሮጌው ዘጠኝ እጅ እየቀላቀሉ ነበር የሚመልሱት፤ ሺህ ጊዜ፣ ሁለት ሺህ ጊዜ፣ የገባውና የወጣው አንድ እስኪሆን። ወንድማቸው ይህን ሲሰሙ ወዲያው ገባቸው፤ ሰማያዊ ቀለም በነጭ ላይ ሲጨመርም በጠብታ ነው፤ ባንድ ጊዜ የገለበጠ ሰው ነጩን ዳግም አያገኘውም።

ወንድማቸው በእነዚያ እሑዶች አንድ ነገር ብቻ ይከብዳቸው ነበር። የየዓምዱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ይላሉ፤ ይህን ሁሉ አንድ ማንበብ ምን ይጠቅማል ብለው ጠየቁ። እትዬም ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እሱ እኮ አላለቀም» አሏቸው። «ሠንጠረዣችን ከአሥርዮሽ ነጥብ ወዲህ አራት ቤት ብቻ ስላለው ነው። ከዚያ ያነሰውን የምንጽፍበት ቦታ አጣን እንጂ፣ የመጨረሻው ቅንጣትም የመጀመሪያውን ትንሽ ያውቀዋል።» ከዚያ ወዲያ ወንድማቸው አንዶቹን ሳይቸኩሉ አንድ በአንድ አነበቡ።

በ2001 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ ከስድስቱ ኩርባዎች ሦስቱ ተጠናቀው ነበር። በ2003 ዓ.ም. ባለቤታቸው በልብ ሕመም አረፉ። ባለቤታቸው የሠሩላቸው ሦስቱ ቱቦዎች ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል ወደ ቤት መጥተው በመስኮት ደፍ ላይ ተቀመጡ፤ እትዬም ጠዋት ጠዋት አቧራቸውን ያራግፉላቸው ነበር። አራተኛውን ኩርባ በዚያው ዓመት፣ አምስተኛውን ከአምስት ዓመት በኋላ ጨረሱ።

በ2009 ዓ.ም. አንድ ረፋድ እትዬ ከቤታቸው ወጥተው የድንጋዩን ደረጃ ወጡ፤ ከአርባ ዓመት በፊት የተሸጠውን የልጅነት ቤታቸውንም አንኳኩ። የቤቱ ባለቤቶች የማያውቋቸውን አሮጊት በአክብሮት አስገቧቸው። እትዬ ወደ ሐዲዱ መስኮት ለመሄድ ሲነሡ በቀጥታ አልሄዱም፤ በክፍሉ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ አንዳች ትልቅ ነገር የቆመ ይመስል በጥንቃቄ ዞረው አለፉ፤ ሲመለሱም እንዲሁ። ባለቤቶቹ የእትዬን ልጅ አስጠሩ። ልጅቷ የወሰደቻቸው ሐኪምም ሕመሙ የመርሳት ሕመም መሆኑን ነገራቸው።

እትዬ ምርመራውን እንደ ሌላ ሰው ሒሳብ ተቀበሉት። የፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስድስተኛው ኩርባ አልተፈታም፤ ያለ እሱ ደግሞ አምስቱ አይቆሙም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ለማያውቋቸው ሰዎች የታረመው ይወጣል ብለው ቃል ገብተዋል፤ አሁን አእምሯቸው ራሱ የማይታመን ሠንጠረዥ ሊሆን ነው። ቀድሞ ተማሪያቸው የነበሩትን፣ ዛሬ በዚያው የትምህርት ክፍል የሚያስተምሩትን መምህርት አስጠርተው የስሌቱን ሥራ አስረከቡ። ከዚያም በእጃቸው አንድ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጠፉ። ወረቀቱ እንዲህ ይል ነበር፦ «ትክክል ነው ስል አትመኑኝ። ጎደለ ስል ግን አንድ ጊዜ ፈትሹ።»

የቀሩት ዓመታት እንደ ጭጋግ ዝም ብለው አለፉ። እትዬ መጀመሪያ መንገዶችን፣ ቀጥሎ ሰዎችን መለየት ተሳናቸው። ልጃቸውን የሐኪም ቤት ነርስ ይመስሏቸውና ስለ ትሕትናዋ ያመሰግኗት ነበር፤ ወንድማቸውን አባባ ይሏቸዋል። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው በቱቦዎቹ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን ሲመለከቱ ይውላሉ። እሑድ ከሰዓት ግን ወንድማቸው መነጽራቸውን ሲያደርጉ ባዩ ጊዜ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ወንድማቸውም ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ሲል እንኳ በየሳምንቱ መጥተው አነበቡ፤ የሚሰማቸው ይኑር አይኑር ሳይጠይቁ።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. መምህርቷ ስድስተኛውን ኩርባ ጨርሰው፣ ለማተሚያ የተዘጋጀውን ገጽ ወደ ቤት አመጡ። ወንድማቸው ከመጀመሪያው ረድፍ ጀምረው ማንበብ ያዙ። ባዶው አለፈ፤ ቁጥሩ ጉብታውን መውጣት ጀመረ። ጫፉ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው እትዬ ጣታቸውን አነሡ።

«ሦስተኛውስ?» አሉ።

ልጃቸው የለመደ ቃላቸው መስሏት ብርድ ልብሱን አስተካከለችላቸው። መምህርቷም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ወንድማቸው ግን ግድግዳውን አዩ፤ ወረቀቱ አሁንም እዚያ ነበር። ገጹ አንድ ጊዜ እንዲፈተሽ ጠየቁ። መምህርቷ ለአዛውንቱ ክብር ብለው ሄደው ከኮምፒዩተሩ ጋር አመሳከሩ። በማግስቱ ስልክ ደውለው ያገኙትን ነገሩ። ሲገለበጥ አንድ ረድፍ ተዘልሏል፤ ከእርሱ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጥተው ከቦታቸው ውጪ ተቀምጠዋል። ገጹ እንዳለ ቢታተም ኖሮ፣ በስድስተኛው ኩርባ የሚያምን ሰው ሁሉ ዳግም በእትዬ ስም ይሳሳት ነበር።

የታረመው ሠንጠረዥ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ከነስድስት ኩርባዎቹ ታተመ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ «እንደተለመደው» የሚል ቃል የለም። በምትኩ የተለኩት ርቀቶች አሉ፤ ከሥራቸውም ለአንድ ብርጭቆ ነፊና ለአንድ ቀለም ቀላቃይ የቀረበ ምስጋና፤ ይህም እትዬ ገና በጤናቸው ሳሉ የጻፉት ነው። መጽሐፉን በእጃቸው ሲያስይዟቸው ክብደቱን መዘን አድርገው፣ የማን እንደሆነ ጠየቁ። የእርስዎ ነው ሲባሉም፣ «የጻፈው ሰው ደክሞበታል» አሉ።

በግንቦት ወር ሳንባቸውን ታመሙ፤ ሐኪሞቹና ልጃቸው የሚቻለውን ሁሉ አደረጉ። እሑድ ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ወንድማቸው ከታተመው መጽሐፍ ስድስተኛውን ዓምድ ያነቡላቸው ነበር። ጉብታውን ወጡ፤ በጎድጓዳው ወረዱ፤ በትንሹም ጉብታ አለፉ። እትዬ ጣታቸውን አላነሡም፤ የጎደለ አልነበረም። ወንድማቸው ቁጥሮቹ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ከሚሉበት ደርሰው፣ እንደ ተነገራቸው ሳይቸኩሉ ሲያነቡ፣ እትዬ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ንባቡ እስከ ገጹ ግርጌ ተፈጸመ።

እትዬ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ከእነርሱም ሌላ ስማቸውን የማናውቃቸው፣ በየአገሩ ሠንጠረዡን ገልጠው የሚያምኑ ብዙ ሦስተኞች አሏቸው። በሕመማቸው ጊዜ ያስታመሙትን፣ የድንጋዩን ደረጃ ወጥተው በራቸውን ሲያንኳኩ በአክብሮት ያስገቧቸውን፣ ዛሬም ሊሸኟቸው የተሰበሰባችሁትን ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

እኛ ከነጥብ ወዲህ አራት ቤት ብቻ ጽፈን የምንቆም ነን፤ ከዚያ ያነሰውንም ማንበብ የሚችል ፈጣሪ የእትዬን ነፍስ ከወደዷቸው ጎን ያሳርፍልን፤ በእኛና በእሳቸው መካከልም እስከምንገናኝ ድረስ ሦስተኛ ሆኖ ይቁምልን። አሜን።